ተበላሽቶ ዝም የሚለው እቃ፦ ፋብሪካ ውስጥ «ሴፍቲ ክሪቲካል» የሚባለው የትኛው ነው?

የሆነ ቦታ ቦይለር ፈነዳ፣ ማደያ ተቃጠለ ወይ ሲሊንደር ፈንድቶ ሰው ጎዳ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ከስር የሚመጣው ክርክር አንድ አይነት ነው። አንዱ ማሽኑ አርጅቶ ነው ይላል፣ ሌላው ኦፕሬተሩ ትቶት ሄዶ ነው ይላል፣ ሌላው ደሞ እኛ ሀገር ሴፍቲ የሚባል ነገር የለም ብሎ ይዘጋዋል፣ ከዛ ዜናው ይረሳል። ብዙም የማይጠየቀው ጥያቄ ያን አደጋ ማስቆም የነበረበት እቃ የቱ ነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜስ መቼ ተሞከረ የሚለው ነው።

ጅማን ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን ቡና ነው፣ ግን ከተማዋ ከቡና ማበጠሪያና ከእሸት ቡና ማጠቢያ ካለፈች ቆይታለች፣ በ2011 የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ከመኖሪያ ቤትና ከሱቅ ጋር ተጠጋግተው የቆሙ ነዳጅ ማደያዎች አሏት፣ ኦክስጅን በሲሊንደር የሚጠቀም ትልቅ ሆስፒታል አላት፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ደሞ በየዓመቱ ኢንጂነር ያስመርቃል። ስለዚ ነገሩ የሩቅ ሀገር የዘይት ማጣሪያ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ግራ የሚያጋባው ቃል

ሴፍቲ ሲባል አብዛኛው ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ሄልሜት፣ ጓንት፣ ቦቲ ጫማና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀይ የእሳት ማጥፊያ ነው። እነዚ ያስፈልጋሉ፣ አንድን ሰራተኛ ከመቆረጥ፣ ከመቃጠል፣ ከመውደቅ ያድናሉ። እዚ የምናወራው ግን ሌላ አይነት አደጋ ነው፣ በአንዴ ብዙ ሰው የሚገድል፣ ከግቢው አልፎ ጎረቤት የሚደርስ አደጋ ማለት ነው፣ ፍንዳታ፣ ትልቅ እሳት፣ የመርዝ ጋዝ መውጣት። ለሱ የሚሆነው የእቃ ዝርዝር ሌላ ነው፣ ሁለቱን አንድ ላይ መደባለቅ የስህተቱ መጀመሪያ ነው።

ሁለተኛው መደባለቅ ደሞ ይብሳል። ፋብሪካ ውስጥ «ወሳኝ ማሽን» የሚባለው ሲቆም ስራ የሚያቆመው ነው። ቡና ማዘጋጃ ላይ ከለር ሶርተሩ (ፍሬውን በቀለም የሚለየው ማሽን) ቆመ ከተባለ ባለቤቱ ካለበት ይደውላል፣ መካኒኩ በሌሊት ይመጣል፣ እቃው በአውሮፕላንም ቢሆን ይገባል። ለምን ቢባል ብልሽቱ ወዲያው ይታያል፣ በብር ይቆጠራል። ቦይለር ላይ ያለ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ማለትም ግፊት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ እንፋሎት የሚለቀው፣ ዝጎ ቢጣበቅ ግን ማንም አይደውልም፣ ቦይለሩ መስራቱን ይቀጥላል፣ ምርቱ አይቀንስም፣ እንደውም በፊት ሲያፈስ የነበረ እንፋሎት ቆመ ተብሎ ደስ ሊል ይችላል። ያ ቫልቭ የሚፈለገው ምናልባት በ10 ዓመት አንዴ ነው፣ የዛን ቀን ካልከፈተ ግን ሌላ የሚያድን ነገር የለም።

በሙያው ቋንቋ የሚሰጠው ትርጉም ረጅም አይደለም። ሲበላሽ ትልቅ አደጋ የሚያስከትል ወይም ለአደጋው ጉልህ አስተዋጽኦ የሚያደርግ እቃ፣ ወይ ደሞ የተገጠመበት አላማ ራሱ ትልቅ አደጋን መከላከል ወይም ጉዳቱን መቀነስ የሆነ እቃ ሴፍቲ ክሪቲካል ይባላል። ይሄ አገላለጽ በእንግሊዝ የባህር ላይ ነዳጅና ጋዝ ህግ ውስጥ የገባው ከፓይፐር አልፋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1988 ሰሜን ባህር ላይ በነበረው በዚ የነዳጅና ጋዝ ማምረቻ 167 ሰው ሞተ። የአንዱ ፓምፕ ሴፍቲ ቫልቭ ለጥገና ተፈቶ ቦታው በብረት ክዳን ብቻ ተሸፍኖ ነበር፣ የሌሊቱ ሽፍት ይሄን ስላላወቀ ፓምፑን አስነሳው፣ ጋዙ በክዳኑ በኩል ወጣ። እሳቱን ማጥፋት የነበረባቸው የውሃ ፓምፖች ደሞ ጠላቂዎች ውሃ ውስጥ ስለሚሰሩ እንዳይጎዱ ተብሎ ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል ተደርገው ነበር፣ እሳቱ ከተነሳ በኋላ ሄዶ ማስነሳት አልተቻለም። አንዱ እቃ አደጋውን ማስቀረት የነበረበት ነው፣ ሌላው ደሞ ጉዳቱን መቀነስ የነበረበት፣ ትርጉሙ ሁለቱንም የሚይዘው ለዚ ነው።

ከአደጋው ተነስቶ ወደ እቃው

ብዙ ቦታ ዝርዝር የሚሰራው የንብረት መዝገብ ተከፍቶ ከላይ ወደ ታች እየተወረደ ይሄ ክሪቲካል ነው ይሄ አይደለም እየተባለ ነው። እንደዚ ሲሆን ትልልቁና ውዱ ማሽን ምልክት ይደረግበታል፣ 500 ብር የማይሞላው ስዊች ይዘለላል። የሚሻለው መንገድ ግልብጡ ነው፣ መጀመሪያ እዚ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው ሊገድል የሚችል ምንድነው ብሎ መጠየቅ፣ ከዛ ያ ነገር ከታሰረበት የሚያመልጥባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ መጻፍ፣ ከዛ ለእያንዳንዱ መንገድ የሚያስቆመው ምንድነው፣ ካመለጠ በኋላስ ጉዳቱን የሚቀንሰው ምንድነው ማለት። ባለሙያዎች ይሄን የሚስሉበት ስእል ቦው ታይ ይባላል፣ የቢራቢሮ ክራባት ቅርጽ ስላለው ነው፣ መሃሉ ላይ «እንፋሎቱ ከቁጥጥር ወጣ» አይነት ክስተት ይቀመጣል፣ በግራ መንስኤዎቹ፣ በቀኝ ውጤቶቹ፣ በየመስመሩ ላይ ደሞ የሚያግዱት ነገሮች። እነዛ ማገጃዎች ላይ የተቀመጠው እቃ ነው ወደ ዝርዝሩ የሚገባው።

ቦይለሩን እንውሰድ

ልብስ ፋብሪካ ለካውያ፣ ጨርቃጨርቅ ለማቅለሚያ፣ ሆስፒታል ለላውንደሪና ለስቴሪላይዘር እንፋሎት ይፈልጋል፣ ስለዚ ቦይለር ከሁሉም ቀድሞ መታየት ያለበት ነው። 8 ባር ግፊት ላይ የሚሰራ ቦይለር ውስጥ ያለው ውሃ ሙቀቱ ወደ 175 ዲግሪ ነው፣ በተለመደው አየር ግፊት ውሃ እንደዛ ሊሞቅ አይችልም፣ ፈሳሽ ሆኖ የቆየው ብረቱ አፍኖ ስለያዘው ነው። ብረቱ ሲቀደድ ግፊቱ ባንዴ ይወርድና ከውሃው የተወሰነው ክፍል ወዲያውኑ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደሞ ከመጣበት ውሃ ወደ 1,600 እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ የሚያፈርሰው ጉልበት ከዚ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2017 ባንግላዴሽ ጋዚፑር ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ ከ10 ሰው በላይ ሞቷል።

ወደዚ የሚያደርሱ ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ነው። በርነሩን፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀውን እሳት የሚያነደውን ክፍል፣ በየጊዜው የሚያበራና የሚያጠፋ የግፊት ስዊች አለ፣ እሱ ከከዳ በርነሩን የሚቆልፍ ሌላ የከፍተኛ ልክ ስዊች አለ፣ ሁለቱም ከከዱ ሴፍቲ ቫልቩ በስፕሪንግ ጉልበት ብቻ ተከፍቶ እንፋሎቱን ይለቃል፣ መብራት አይፈልግ፣ ሰው አይፈልግ። ሁለተኛው መንገድ ውሃው ሲጎድል ነው፣ እሳት የሚነካው ብረት በውሃ ካልተሸፈነ ግሎ ይለሰልሳል፣ በዛ ላይ አንዱ ደንግጦ ቀዝቃዛ ውሃ ቢለቅበት የባሰ ነው። ይሄን የሚያስቆመው ውሃ ሲወርድ በርነሩን የሚያጠፋ ከት ኦፍ ነው፣ በተለምዶ ሁለት የተለያዩ ይገጠማሉ።

እዚ ጋ ሰው የሚሳሳትበት አለ። ውሃ የሚገፋው ፊድ ፓምፕ ሴፍቲ ክሪቲካል ነው ወይ ቢባል ብዙዎች አዎ ይላሉ፣ ፓምፑ ከቆመ ውሃ ይጎድላላ። ግን ፓምፑ ሲቆም ከት ኦፉ ከሰራ የሚሆነው ነገር በርነሩ መጥፋት ነው፣ ካውያው ይቀዘቅዛል፣ ስራ ይቆማል፣ ሰው አይሞትም። ስለዚ ፓምፑ የምርት ጉዳይ ነው፣ ከት ኦፉ የህይወት ጉዳይ ነው። በተግባር የሚታየው ደሞ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፣ ለፓምፑ ስፔር ተገዝቶ ስቶር ውስጥ ይቀመጣል፣ ከት ኦፉ ግን ከተገጠመ ጀምሮ ሰርቶ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ውሃው ጨዋማ ከሆነ የከት ኦፉ ተንሳፋፊ (ከውሃው ጋር የሚወጣና የሚወርደው) ያለበት ክፍል ደለል ይይዝና ተንሳፋፊው ባለበት ይጣበቃል፣ ውሃው ወርዶ እሱ ሙሉ ነው ይላል። በየቀኑ ብሎው ዳውን ማድረግ፣ ማለትም ከዛ ክፍል ስር ያለውን ቫልቭ ከፍቶ ደለሉን ማጠብና በዛው በርነሩ ሲጠፋ አይቶ ማረጋገጥ፣ የሚጠየቀው ለዚ ነው። ብሎው ዳውን የጽዳት ስራ የሚመስለው ኦፕሬተር ሲቸኩል ይዘለዋል፣ ሙከራ መሆኑ የተነገረው ግን ቶሎ አይዘለውም፣ እኔ እንደሚመስለኝ እቃውን በስሙ ለይቶ መጻፍ ትልቁ ጥቅሙ እዚ ላይ ነው።

ሴፍቲ ቫልቩን በተመለከተ ደሞ የሚያሰጋው ሲያፈስ ስፕሪንጉን ማጥበቅ ወይም መውጫውን በቡሽ መድፈን ነው። የሚያፈስ ቫልቭ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ ወይ መቀመጫው ተበልቷል ወይ ቦይለሩ እውነትም ከልኩ በላይ እየሰራ ነው፣ ሁለቱም ቦይለሩን አቁሞ ማየት ይፈልጋሉ።

ትንሿ ቁልፍ

ነዳጅ ማከማቻ ላይ ዋናው አደጋ ታንክ ሞልቶ መፍሰስ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በንስፊልድ በሚባል ዲፖ እ.ኤ.አ. ታህሳስ 11 ቀን 2005 የሆነው ለዚ ርእስ ከሁሉም በላይ የሚያስተምር ይመስለኛል። 912 የሚባለው ታንክ ቤንዚን እየተሞላ እያለ የመጠን መለኪያው አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አይነቃነቅም፣ ነዳጁ ግን እየገባ ነው። ይሄ መለኪያ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ባለው ጊዜ ብቻ 14 ጊዜ ተጣብቆ ነበር፣ እየተነካካ እየተለቀቀ ስራ ይቀጥል ነበር። መለኪያው ቢከዳ ፓምፑን የሚያስቆም ራሱን የቻለ ሌላ ስዊች ነበረ፣ እሱም አልሰራም። ለምን ቢባል ስዊቹ ላይ ለሙከራ የምትነሳና የምትወርድ ማንሻ አለች፣ ማንሻዋን ትክክለኛ ቦታዋ ላይ የምትይዛት አንዲት ተንጠልጣይ ቁልፍ ነበረች፣ የገጠሙት ሰዎች ቁልፏ ሰው እንዳይነካካው ብቻ የምትውል መስሏቸው ሳይገጥሟት ቀሩ። ከ250 ሺህ ሊትር በላይ ቤንዚን ፈሰሰ፣ ተነነ፣ ፈነዳ። እሁድ ማለዳ ስለነበር ሰው አልሞተም፣ ከ40 በላይ ግን ተጎዱ።

ያ ዲፖ መለኪያም ስዊችም ነበረው፣ በወረቀት ደረጃ ቢታይ ሁሉም አለ። የጎደለው እያንዳንዱ እቃ ስራውን ለመስራት ምን ምን እንደሚያስፈልገው እስከ መጨረሻዋ ቁራጭ ድረስ ወርዶ መለየት ነው። ወደኛ ማደያ ስናመጣው ቦቴ ሲራገፍ የሚያያዘው የኧርዝ ገመድ (ብልጭታ እንዳይፈጠር ስታቲክ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው)፣ ገመዱን የሚይዘው መቆንጠጫ፣ የመሬት ታንኩ ሲሞላ የሚዘጋው መሳሪያ፣ የትነት መውጫ ቱቦው፣ ሁሉንም ፓምፕ ባንዴ የሚያጠፋው ቀይ በተን፣ እነዚ ናቸው ወደ ዝርዝሩ የሚገቡት። መቆንጠጫው ዝጎ ወይ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ከተያዘ ገመዱ ቢኖርም ስታቲክ ኤሌክትሪኩ አይወርድም።

በጋዝ ክሎሪን የሚሰራ የውሃ ማጣሪያ ካለም ነገሩ ያው ነው። ክሎሪን ከአየር 2.5 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፣ ስለዚ ጠቋሚ መሳሪያውና አየር ማስወጫ ፋኑ ወለሉ አጠገብ መሆን አለባቸው፣ የፋኑ ማብሪያ ደሞ ከበሩ ውጪ፣ ለማብራት ጋዙ ውስጥ መግባት እንዳይኖር።

በርም እቃ ነው

ዝርዝሩ ማሽን ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2012 ፓኪስታን ካራቺ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 ሰው በላይ ሲያልቅ መውጫ በሮች ተቆልፈው፣ መስኮቶች በብረት ፍርግርግ ተዘግተው ነበር። ልብስ ፋብሪካ የሚሰራባት ከተማ ውስጥ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ከቦይለሩ ቫልቭ እኩል መቀመጥ አለበት፣ ከውስጥ ተገፍቶ ይከፈታል ወይ ተብሎ በየሽፍቱ መጀመሪያ የሚታይ እቃ ሆኖ ማለት ነው። ስርቆት ያሰጋል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፣ መልሱ ግን ሲከፈት የሚጮህ አላርም መግጠም ነው።

በየስንት ጊዜው ይሞከር

ዝም ብሎ የሚበላሽ እቃ መበላሸቱ የሚታወቀው ሲሞከር ብቻ ስለሆነ የሙከራው ድግግሞሽ በቀጥታ የመትረፍ እድል ነው። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ከት ኦፍ በአማካይ በ20 ዓመት አንዴ ይጣበቃል እንበል። በዓመት አንዴ ከተሞከረ፣ ከተጣበቀ በኋላ ሳይታወቅ የሚቆየው በአማካይ ግማሽ ዓመት ነው፣ ከ20 ዓመት ውስጥ ግማሽ ዓመት ማለት ከ40 ጊዜ አንዴ በተፈለገ ሰአት አይገኝም ማለት ነው። ሙከራው በ4 ዓመት አንዴ ከሆነ ግን ተበላሽቶ የሚቆየው በአማካይ 2 ዓመት ይሆናል፣ ከ10 አንዴ ማለት ነው። እቃው አልተቀየረም፣ ብር አልወጣም፣ የተቀየረው ቀጠሮው ብቻ ነው። አይ ኢ ሲ 61511 የሚባለው አለም አቀፍ ስታንዳርድ እነዚን አውቶማቲክ መከላከያዎች በደረጃ የሚከፍለው በዚሁ ቁጥር ነው፣ ደረጃ 1 ከ10 አንዴ እስከ ከ100 አንዴ ባለው ውስጥ፣ ደረጃ 2 ከ100 አንዴ እስከ ከ1,000 አንዴ ባለው ውስጥ ሊከዳ የሚችል ማለት ነው።

ሙከራ ሲባል ደሞ በአይን አይቶ ቲክ ማድረግ አይደለም። እቃው መስራት ባለበት ሁኔታ ውስጥ ገብቶ ሲሰራ መታየት አለበት፣ ውሃው ወርዶ በርነሩ መጥፋት አለበት።

መብራት የሚጠፋበት ከተማ

ጅማ ላይ መብራት መጥፋቱ የተለመደ ስለሆነ ከውጪ የመጣ ዝርዝር እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። የእሳት ማጥፊያ ውሃ ፓምፑ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሰራ ከሆነና እሳቱ መብራት በሌለበት ሰአት ከተነሳ ፓምፑ የለም ማለት ነው፣ ስለዚ ጄኔሬተሩ፣ የጄኔሬተሩ ባትሪ፣ ማዞሪያ ስዊቹና ታንኩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ሁሉ ወደ ዝርዝሩ ይገባሉ። ጄኔሬተር ሁሌ የምርት እቃ ተደርጎ ስለሚታይ ናፍጣ ሲያጥር ከታንኩ ተቀድቶ ሊወሰድ ይችላል፣ ሰው ሳያስበው የእሳት መከላከያውን ባዶ አደረገው ማለት ነው።

ሌላው መብራት መጥፋት የሚያመጣው ችግር ረቂቅ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አላርም ይጮሃል፣ ማሽን ይቆለፋል፣ እንደገና ለማስነሳት ጊዜ ይፈጃል፣ በሳምንት አራት አምስቴ ይሄ ሲሆን አንዱ ባይፓስ ያደርገዋል፣ ማለትም ሴንሰሩን ዘሎ በሽቦ ያገናኘዋል። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ስራው እንዲሄድ ፈልጎ ነው። ግን የትኛው ሴንሰር ሴፍቲ ክሪቲካል እንደሆነ ካልተነገረው የበር መብራትንና የውሃ ከት ኦፍን በአንድ አይን ነው የሚያያቸው።

የማይስማሙበት

ዝርዝሩ ምን ያህል ይርዘም በሚለው ላይ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ስናጠብ አንድ ወሳኝ ነገር ሊያመልጠን ስለሚችል ይብዛ ይላል፣ ሌላው ሁሉም ክሪቲካል ከተባለ ምንም ክሪቲካል አይሆንም ይላል። ለኛ ሁኔታ የሚያስኬደው ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ፣ አንድ ሜንቴናንስ ክፍል ሶስት መካኒክ ይዞ 400 እቃ በአግባቡ ሊሞክር አይችልም፣ የሚያደርገው ፎርም መሙላት ነው፣ 30 እቃ ከሆነ ግን ይችላል። የመጀመሪያው ወገን ስጋት ግን ባዶ አይደለም፣ በንስፊልድ ላይ ያመለጠችው ትንሽ ቁራጭ ነች፣ ስለዚ ዝርዝሩ ሲያጥር እያንዳንዱ እቃ ወደ ታች እስከ ባትሪውና እስከ መቆንጠጫው መዘርዘር አለበት።

ማን ያረጋግጥ የሚለውም ያከራክራል። የእንግሊዝ የባህር ላይ ህግ ዝርዝሩንና ሙከራውን ከስራው ነጻ የሆነ ባለሙያ እንዲያየው ያስገድዳል። ይሄ ወጪ ነው፣ በየከተማው ባለሙያ ማግኘትም ቀላል አይደለም የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ግን ቦይለሩን የሚያንቀሳቅሰው ሰው የራሱን ስራ ራሱ ሲፈርም ጥፋት ማየት ይከብደዋል፣ ሌላ ሽፍት ወይም ጎረቤት ፋብሪካ ያለ መካኒክ እንኳን ቢያየው ይሻላል፣ ዩኒቨርሲቲውም እዚሁ ነው።

የውጪ ምንዛሪውም ክርክር አለ፣ ቫልቩ ቢበላሽ ወራት ይፈጃል ለመምጣት፣ እስከዛ ፋብሪካው ይዘጋ ወይ ይባላል። ለዚ ቀድሞ መልስ ያለው ዝርዝሩ ያለው ፋብሪካ ብቻ ነው። 30 እቃውን የለየ ፋብሪካ ስቶሩ ውስጥ ምን ቀድሞ መቀመጥ እንዳለበት ያውቃል፣ የሌለው እስኪመጣ ደሞ በምን ተተክቶ እንደሚሰራ፣ ማን እንደፈቀደና እስከ መቼ እንደሆነ ይጽፋል።

ዝርዝር ብቻውን ግን አያድንም። ህንድ ቦፓል ውስጥ በነበረ የጸረ ተባይ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በታህሳስ 1984 የመርዝ ጋዙ ሲያመልጥ ታንኩን የሚያቀዘቅዝ ማሽን ነበረ፣ ጋዙን የሚያጥብ ማማ ነበረ፣ የሚያቃጥል ቱቦ ነበረ፣ የውሃ ርጭት ነበረ። ማቀዝቀዣው ከወራት በፊት ጠፍቷል፣ ማጠቢያው ተጠባባቂ ላይ ነበር፣ የማቃጠያው ቱቦ ለጥገና ተፈቷል፣ የውሃ ርጭቱ ጋዙ የሚወጣበት ከፍታ ላይ አልደረሰም። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። አራቱም አንድ ላይ እንደማያገለግሉ የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት ስራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ በየጠዋቱ ቢቀመጥ ኖሮ ፋብሪካው ያን ሁሉ መርዝ ይዞ መቆየት አለበት ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳ ነበር።

ስሙ ማን ላይ ይጻፍ

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሰራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ አሰሪው ላይ ይጥላል። ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ ግን አሰሪው የሼዱ (ፋብሪካው ያለበት ህንጻ) ባለቤት አይደለም፣ ሼዱን የሚያከራየው የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው፣ ቦይለሩና ካውያው የተከራዩ ነው፣ የውሃ መስመርና የመብራት ጣቢያ አይነቱ ደሞ የጋራ ነው። የቦይለር ከት ኦፉን ማን ይሞክር የሚለው ግልጽ ነው። የእሳት ማጥፊያ ፓምፑ ግን በሁለቱ መሃል ነው ያለው፣ ተከራዩ ባለቤቱ ያየዋል ሊል ይችላል፣ አከራዩ ደሞ ተጠቃሚው ያሳውቀኛል። በናፍጣ የሚሰራ የእሳት ፓምፕ በየሳምንቱ ተነስቶ ለ30 ደቂቃ መስራት እንዳለበት በአለም ደረጃ የተለመደ አሰራር አለ፣ ስለዚ የኪራይ ውሉ ሲፈረም ወይ ሲታደስ ፓምፑን ማን ያስነሳል፣ ናፍጣውን ማን ይሞላል፣ ሳይነሳ ከቀረ ለማን ይነገራል፣ በዛን ሰአትስ ሼዱ ውስጥ ያሉት መስመሮች ይቆማሉ ወይስ ይቀጥላሉ የሚለው ከነስም ዝርዝሩ እዛው ውሉ ላይ መግባት ይችላል።